የማገጥ ዘር አሁን ይለቀም
ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ከረማችሁ?

የወሎን ሜዳ በመስከረም ሐምራዊ የሚያለብሰው ማገጥ የአተር ዘመድ ነው። አንዱን ነቅላችሁ ሥሩን እዩት። ትንንሽ እባጮች አሉት፤ ናይትሮጅን ከአየር የሚይዘው በእነሱ ነው። ስለዚህ ለማገጡ ብላችሁ ናይትሮጅን ለሚሰጠው ማዳበሪያ፣ ለዩሪያ፣ ብር አታውጡ።

አበባው ደርቆ ቡናማ ሲሆን ልቀሙና በመዳፋችሁ እሹት። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ ቆዳው ግን ጠንካራ ነው። እኔ አምና እንዲሁ በትኜው እዚህም እዚያም ብቻ በቀለ። ስለዚህ ዘሩን በሁለት የአሸዋ ወረቀት መሃል ቀስ አድርጋችሁ እሹት። ልጣጩ ሲደበዝዝ በቃው። ሰኔ መጨረሻ ላይ በለሰለሰ መሬት በትኑት፤ አፈር አታብዙበት። ንቦቻችን ሲያገኙት ደስታቸውን ታያላችሁ።

አደራ፣ ጤዛ ያለበት ለምለም ማገጥ ለተራበ ከብት አይሰጥ፤ ሆዱን ይነፋዋል። ዘር የተረፈው ደሴ ስንገናኝ ይዞ ይምጣ።