ጀግኒት ለዓይን መዝናኛ አይደለችም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

እዚህ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ፣ የልጆች ቦርሳና ደብተር ላይ የኮሚክ (በሥዕል የሚነገር ታሪክ) ጀግኖች ሞልተዋል። ወንዱ ከአንገቱ እስከ ጫማው ተሸፍኖ ቡጢውን ጨብጧል። ሴቲቱ ግን ደረቷም ዳሌዋም ባንድ ጊዜ እንዲታይ ወገቧ ተጠማዝዞ ተሥላለች፤ እንዲህ ቆሞ የሚዋጋ ሰው የለም!

በ2016 እ.ኤ.አ. ዎንደር ውመን የተባለችው የኮሚክ ጀግና የተባበሩት መንግሥታት የክብር አምባሳደር ስትባል፣ የድርጅቱ ሠራተኞች አሳሳሏን ጭምር ተቃውመው ሁለት ወር ሳይሞላ ሹመቷ ቀርቷል። ደግ አደረጉ።

የጨርቅ ማነስ አላስከፋኝም። በድሬ ሙቀት እኛም ስስ ሽቲ ቀሚስ ለብሰን እንውላለን፣ ማንም አካላችንን ቆራርጦ አያይም። የሚያስቆጣኝ የሠዓሊው ዓይን ነው። የከተማችን ወጣት ሠዓሊዎች፣ እባካችሁ ለሴት ልጆቻችን እግሯ መሬት የረገጠ፣ ቁጣዋ ፊቷ ላይ የሚነበብ ጀግና ሣሉልን።

የሁለት ሴት ልጆች እናት፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ