መስታወት የጫረ ሁሉ ኤመራልድ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ ኤመራልድ ስለሚባለው አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ ሲጽፉ «ድንጋዩ አረንጓዴ ሆኖ መስታወት ከጫረ ኤመራልድ ነው» ብለዋል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ መዶሻና የናሙና ከረጢት ተሸክሜ ከጂኦሎጂስቶች ኋላ ደቡቡን የዞርኩ ሰው ነኝ። ዝም ማለት አቃተኝ። መስታወት እኮ ኳርትዝ የሚባለው ተራ ማዕድንም ይጭራል!

ነገሩ ቤቴ ድረስ ባይመጣ አልጽፍም ነበር። የእህቴ ልጅ ኤመራልድ ከሚወጣበት ከሻኪሶ አካባቢ ደርሶ ሲመለስ አንድ ጠጠር አሳየኝ። የትንሽ ጣት አንጓ ያህላል፤ አረንጓዴ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ኤመራልድ ነው ተብሎ ገዝቶታል። ዋጋውን ለእናቱ አልነገራትም፤ እኔም እዚህ አልጽፈውም።

መስኮት ሥር ወስጄ በማጉያ መነጽር አየሁት። ኤመራልድ ባለ ስድስት ጎን ነው፤ ጎኖቹም አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ናቸው። ይሄኛው ጫፉ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ያውም ጎኖቹ ሆዳቸው ወጣ ያለ። ከላይ እስከ ታች ቀጫጭን መስመሮች ወርደውበታል፤ ጥፍር ሲሄድባቸው ይከረክራል። ከጎኑ ሳየው ብርሃን ያሳልፋል፤ በጫፉ በኩል ሳየው ጥቁርቁር አለ። በቃ፣ ቱርማሊን የሚባል ሌላ ድንጋይ ነው።

ልጁ ግን አላመነኝም። ቡና እየተፈላ ስለነበር ጠጠሩን ከከሰሉ ራቅ አድርጌ ቀስ ብዬ አሞቅኩት። ሲበርድ ደቃቁን አመድ አስጠጋሁለት፤ ብናኙ ብድግ ብሎ ተለጠፈበት። ቱርማሊን ሙቀቱ ሲለዋወጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። የጥንቶቹ ሆላንዶች ከሲሎን፣ ከዛሬዋ ስሪላንካ፣ ያመጡትን ቱርማሊን «አመድ ሳቢ» ይሉት ነበር። እናንተ ግን አትሞክሩት፤ ስንጥቅ ካለበት ሊፈረካከስ ይችላል። እኔም ልጁ ስላናደደኝ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ሌላ ደላላ «ፓራይባ ነው፣ ሀብታም ሆነሃል» አለው። ፓራይባ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ብራዚል ውስጥ የተገኘ ብርቅዬ ቱርማሊን ነው። ያን የሚያበራ ሰማያዊ የሚሰጠው መዳብ ነው። መዳብ መኖሩን ግን በዓይን አይቶ መማል አይቻልም፤ ብረትም ተቀራራቢ ቀለም ይሰጣል። ይህ የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

ሜዳ ላይ ያለ ሰው ከድንጋዩ ይልቅ አጠገቡ ያሉትን ማዕድናት ቢያይ ይሻለዋል። ጥቁር ቱርማሊን በየፔግማታይቱ፣ ማለትም ትልልቅ ክሪስታሎች ባሉት አለት ውስጥ፣ አለ፤ ብርቅ አይደለም። አጠገቡ ሐምራዊ ማይካ (በስሱ የሚላላጥ አብረቅራቂ ማዕድን)፣ ማለትም ሌፒዶላይት፣ ከታየ ግን ሊቲየም አለ ማለት ነው። ባለቀለሙ ቱርማሊን የሚፈለገው እዚያ ነው። እኛ ናሙና ስናነሳ ያቀፈውን አለት አብረን ቆርሰን፣ ቦታውን ከረጢቱ ላይ እንጽፍ ነበር። የልጁ ጠጠር ታጥቦ፣ በዘይት ታሽቶ ነው የተሸጠለት። ከየት እንደተቆፈረ ሻጩም አያውቅም።

እባካችሁ ያን የመስታወት ምክር አርሙልን። ልጁ ጠጠሩን ሊያስመረምር ነው። እኔ መዳብ የለውም ብዬ በአንድ ኪሎ ቡና ተወራርጃለሁ።

ጡረተኛው የመስክ ረዳት
ከአዲስ አበባ