ቃሬዛ ለተሸከማችሁ፣ ደም ለሰጣችሁ

ደም የሚያስታውኩ፣ ሰገራቸው የጠቆረ ሕሙማንን ከሐይቅ ከተማ፣ ከሀርቡና ከደሴ ዙሪያ በቃሬዛ ላደረሳችሁ የቅሬ (የዕድር) አባላት፣ ደም ለሰጣችሁ ወጣቶች፣ ሌሊቱን «አብሽር» እያላችሁ ላስታመማችሁ ቤተ ዘመዶች፦ ከውስጥ ደዌ ክፍል ባለሙያዎች ምስጋናችን ይድረሳችሁ። በምን እንደጠቀማችሁን ግን ማወቅ አለባችሁ።

ሕመምተኛውን በጎኑ አስተኝታችሁ አመጣችሁት። በጀርባው ቢተኛ ኖሮ የሚያስታውከው ደም ወደ ሳንባው ይገባ ነበር። ተልባም ወተትም አልሰጣችሁትም። ተልባ ለጨጓራ ቃጠሎ በየቤቱ እንደሚበጠበጥ እናውቃለን፤ ሆድ ሲሞላ ግን በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባው ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ የሚደማውን ቦታ ማየት ያስቸግራል።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግነው ሳታፍሩ ስለ ሰገራው የነገራችሁንን ነው። ነውር እየተባለ ስንት ቀን ይደበቃል! «እንደ ሬንጅ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ ሽታው ክፉ» ስትሉን፣ ደሙ ከጨጓራ ወይም ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ መሆኑን ገና ሳንመረምር ጠረጠርን። ሰገራን ለማጥቆር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ደም ይበቃል፤ ከአንድ ሲኒ ቡና ብዙም አይበልጥም። የብረት ኪኒንም ሰገራ ያጠቁራል፣ ያን ሽታ ግን አያመጣም። የቡና አተላ የመሰለ ትውከትም ያው የጨጓራ ደም ነው። ቀይ ደም አብዛኛውን ጊዜ ከታች ይመጣል፦ ያለ ሕመም ጠብ ጠብ ካለ ኪንታሮት፣ ከቁርጠትና ከንፍጥ ጋር ከሆነ ተቅማጥ የሚያመጣ አሜባ ወይም ሺጌላ ሊሆን ይችላል። እድሜው የገፋና የሚከሳ ሰው ግን «ኪንታሮት ነው» ተብሎ አይተው፤ የአንጀት ካንሰር መመርመር አለበት።

የኪኒኑን ካርቶን በፌስታል ይዛችሁ መምጣታችሁም ረድቶናል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የወገብ ሕመም የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው፤ የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀውም እሱው ነው። «በመርፌ ከሆነ ጨጓራ አይነካም» የሚባለው ስህተት ነው፣ በደም በኩል ይደርሳል። ሌላው የጨጓራ ቁስል ዋና ምክንያት ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው። የታዘዘላችሁ የ14 ቀን መድኃኒት ከሆነ፣ ቃጠሎው በአምስተኛው ቀን ቢተውም እስከ 14ኛው ውሰዱ።

ሽማግሌዎቹ «ልጅነቱን በሐይቁ ውኃ ሲዋኝ ነው ያደገው» ማለታቸው ቀላል ወሬ አልነበረም። በሐይቅ ዳርና በቦርከና ወንዝ ዙሪያ ያለው ቢልሃርዚያ የሚባለው ከውኃ የሚይዝ ትል እንቁላሉን በጉበት ደም ስሮች ውስጥ ይተዋል፤ መንገዱ ሲዘጋ ደሙ ወደ ጉሮሮ ቧንቧ ስሮች ይገፋል፣ ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉ። እንዲህ ያለው ሰው ሆዱን ሳያመው በድንገት ብዙ ደም ሊያስታውክ ይችላል። ያበጠው ስር በኢንዶስኮፒ በጎማ ቀለበት ይታሰራል።

አንድ ከረጢት ደም 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ የአዋቂን ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ንጥረ ነገር) የሚያሳድገው በዴሲሊትር በ1 ግራም ያህል ብቻ ነው። 4 ላይ የደረሰን ሰው 7 ለማድረስ የሦስት ሰው ክንድ ፈልገን ነበር፤ ከኢፍጣር በኋላ የመጣችሁ ልጆች፣ ይህ የእናንተ ነው። ሦስት ወር ሲሞላችሁ፣ ሕመምተኛ ሳትጠብቁ፣ ወደ ደም ባንክ ብቅ በሉ።

ሁለት ቃሬዛና አንድ ጋቢ ከድንገተኛ ክፍሉ ጀርባ ተቀምጠዋል፤ ስታልፉ ውሰዱ።