ውርንጭላው መቼ ይኮላሽ?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ የምጽፍላችሁ ከመንዝ ነው። እኛ ጋ ወንድ የፈረስ ውርንጭላ አራት አምስት ዓመት ሞልቶት ባዝራ ባየ ቁጥር ገመድ እየበጠሰ ሰው ካማረረ በኋላ ነው ይኮላሽ የሚባለው፣ ያውም የዘር ፍሬውን ቀጥቅጠው፣ ልጅ ሆኜ ያየሁት እስካሁን ይዘገንነኛል። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚመክሩት ግን ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ነው፣ ሁለቱም የዘር ፍሬ ወደ ከረጢቱ መውረዱ ከተረጋገጠ፣ በዚህ ዕድሜ ቁስሉም ቶሎ ይሽራል። ለዘር የሚሆን ካልሆነ ሳይኮላሽ ድንጉላ አድርጎ ማቆየት ለምን? ወሩ ጥቅምትና ኅዳር ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ፣ ጭቃው ደርቋል ዝንቡም በብርዱ ቀንሷል። ብቻ ያለ ማደንዘዣና ያለ ቴታነስ መርፌ እንዳይነካ፣ ፈረስ ለቴታነስ በጣም ስስ ነው። ደሞ በማግስቱ ከባዝራ ጋር አትልቀቁት፣ ለሳምንታት ሊያስረግዝ ይችላል፣ ይሄን ስነግራቸው ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል።