እማማ ተነሱ፦ የአውቶሞቲቭ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። ዓመቱን ሙሉ «ቲቸር ልጆቹን የግል መኪናውን በነፃ ያሠራቸዋል» የሚል ወሬ ስሰማ ከርሜያለሁ። መኪናዋ የአባቴ ነበረች፤ እውነት ነው። የቆመችውም እኔ ቤት ነው፤ ይህም እውነት ነው። ግን ጥቅምት ላይ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አስረክቤያታለሁ። ወረቀቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አለ። የገባውና የወጣው ብር አንድ በአንድ በክበቡ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። መዝገቡ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለተቀመጠ የፈለገ ሰው ገልጦ ማየት ይችላል። እኔ ቤት የቆመችው ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ጣሪያ ያለው ቦታ ስላጣንላት ብቻ ነው። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

መኪናዋ ላንድሮቨር ናት። ሲሪስ 2ኤ፣ ረጅሟ ሻንሲ (ሻንሲ ማለት መኪናው የሚያርፍበት የብረት አጽም ነው)፣ እ.ኤ.አ. የ1970 ሥሪት። አባቴ በወጣትነቱ አንበጣ መከላከል ሥራ ላይ ሾፌር ነበር። በኋላ የሚወዳትን ዓይነት በጨረታ አገኘና ገዛት። እሱ ካረፈ ጀምሮ ለ11 ዓመት ከቤታችን ጓሮ አልተንቀሳቀሰችም። ዶሮዎቻችን ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥሉ ነበር። ተማሪዎቹ ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ «እማማ» የሚል ስም አወጡላት። አንቺ የሚላት የለም። «እማማ እንዴት አደሩ?» ብለው ነው ኮፈኗን የሚከፍቱት።

ሌላም ጥያቄ ይቀርብልኛል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ መንገዱ ላይ የምናየው አዲስ መኪና ኤሌክትሪክ ነው። ታዲያ በዚህ ዘመን የአያቶቻችንን መኪና መፍታት ምን ይጠቅማል? መልሴ ቀላል ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም ፍሬን አለው፣ መሪ አለው፣ ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርግ ኩሽኔታ አለው። እሱን ለተማሪ ከፍቶ ማሳየት ግን ከባድ ነው። እማማ ላይ የተደበቀ ነገር የለም። ኮምፒውተር የላትም። የፍሬኑን ፔዳል ስትረግጥ ዘይቱ በቱቦው ሄዶ ጎማው ላይ ያሉትን የፍሬን ሸራዎች ሲገፋ በዓይንህ ታያለህ። የፓስካልን ሕግ፣ የታሰረ ፈሳሽ ግፊትን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ያስተላልፋል የሚለውን፣ 12 ዓመት ሰሌዳ ላይ አስተምሬያለሁ። ዘንድሮ እንዳስተማርኩት ግን አስተምሬ አላውቅም።

መስከረም መጨረሻ ላይ 23 ተማሪዎች ተመዘገቡ። ሰብሳቢና ጸሐፊ ተመረጡ፣ ደንብ ወጣ፣ ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እንድንገናኝ ተስማማን። 31 ጊዜ ተገናኝተናል። ቃለ ጉባኤው አለ።

እስከ ኅዳር ድረስ ሥራችን ማጠብ፣ መፍታትና መጻፍ ነበር። የተፈታው ብሎን ሁሉ በየቆርቆሮው ገብቶ ስም ተለጠፈበት። ያኔ ነው ገላዋ ደህና ሆኖ ሳለ ሻንሲዋ በዝገት መበላቱን ያየነው። ልጆቹ ምክንያቱን ጠየቁ። የመጀመሪያዋ ላንድሮቨር አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1948 ነው። እንግሊዝ ገና ከጦርነት መውጣቷ ስለነበር ብረት በራሽን ነበር። ስለዚህ ገላዋን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት፤ ሻንሲዋ ግን ብረት ሆነ። ዝገቱን ለማስረዳት የኬሚስትሪ መምህራችን አንድ ቅዳሜያቸውን ሰጥተውናል። ሁለቱ ብረታ ብረቶች በተገናኙበት ቦታ እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ እንዴት ነጭ ዱቄት እንደሚሆን እዚያው ፓራፋንጎው (የጎማው ጭቃ መከላከያ) ሥር ጣታቸውን አስነክተው አሳዩዋቸው። በክበቡ ስም አመሰግናቸዋለሁ።

ሞተሩ ደርቆ ነበር። ሞተርን በእጅ በሚያዞረው ብረት፣ በማኖቬላ፣ ቢሞከር ንቅንቅ አላለም። አራቱን ካንዴላዎች (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጡትን) አውጥተን ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅለን አፈሰስንና ተውነው። አንድ ሳምንት። ሁለት ሳምንት። በሦስተኛው ቅዳሜ ሁለት ልጆች ማኖቬላውን ሲገፉ የጣት ስፋት ታህል ዞረ። ጩኸታቸውን ጎረቤት ሰምቶ ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ።

ከዚያ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ወረደ፣ አየር የሚያስገቡትና ጭስ የሚያስወጡት ቫልቮች ተሞረዱ፣ በክዳኑና በሞተሩ መሐል የሚገባ አዲስ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን፣ አስፈለገ። ስለዚህ መርካቶ፣ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድን። ይህን ቀን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ከመሄዳችን በፊት ቃላት ማጥናት ነበረብን። ልጆቹ የዕቃዎቹን ስም የሚያውቁት ከእንግሊዝኛው የጥገና መጽሐፍ ነው። መርካቶ ሄደህ ያንን ስም ብትጠራ ግን የሚሰማህ የለም። የመካኒኮቻችን ቋንቋ ግማሹ ከጣሊያን የመጣ ነው። ካንዴላ ሻማ ማለት ነው። ቴስታታ ራስ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው የብረት ሞላ) ደግሞ ቀስት መወርወሪያ ማለት ነው፤ የባሌስትራን ጎበጥ ያለ ቅርጽ ላየ ሰው ስሙ ወዲያው ይገባዋል። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ታርጋ፣ ሊብሬ እያሉ ልጆቹ 41 ቃል ሰበሰቡ። በካርቶን ላይ ጽፈው የጋራዡ በር ላይ ለጥፈውታል። አማርኛ መምህራችን አይተውት ፎቶ አንስተው ሄደዋል።

ለጉዞው 5 ተማሪዎች መረጥን። አንዷ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሁለት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምራት ድምፅዋን የሰማሁት ስም ስጠራ ብቻ ነው። ለክበቡ ስትመዘገብም የመጣችው ለጓደኛዋ ብላ መስሎኝ ነበር። የዚያን ቀን አሮጌውን ጓርኒሲዮን የያዘችው እሷ ነበረች። እንዳይታጠፍባት በሁለት ካርቶን መሐል አድርጋ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ መርካቶ ግፊያው መሐል ደረቷ ላይ አቅፋ ወሰደችው።

አራት ሱቅ ገባን፤ የለም አሉን። አምስተኛው ሱቅ ውስጥ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ከጣሪያ እስከ ወለል ባሌስትራና ኩሽኔታ ነው። ላንድሮቨር ስንላቸው ፊታቸው በራ። ከላይ አስወርደው በቅባት ወረቀት የተጠቀለለ ጓርኒሲዮን አወጡ።

«ይኸውልህ መምህር። የላንድሮቨር ነው። እንደዚህ ያለ ዛሬ ብትዞር አታገኝም።»

ዋጋ ተከራከርን። ተስማማን። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

«አባባ፣ ይቅርታ። አንዴ ላስተያየው?» አለች ልጅቷ።

ካርቶኑን ፈታ አሮጌውን በአዲሱ ላይ አጋደመችው። አራቱ ትልልቅ ቀዳዳዎች ልክ ገጠሙ። ወንዶቹ «ራሱ ነው! ራሱ ነው!» አሉ። እሷ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ አንስታ ወደ በሩ ብርሃን አዞረቻቸው። ብዙ ጊዜ አየች። እኔ ራሴ ለመሄድ ቸኩዬ ነበር።

«የውሃ ቀዳዳዎቹ አይገጥሙም። ይሄ የናፍጣው ነው። የእኛ የቤንዚን ናት።»

ከአባቴ መሳቢያ ውስጥ በተገኘው የጥገና መጽሐፍ ላይ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አይታቸው ነበር። ሰውየው መነጽራቸውን አጠለቁ። ተቀብለው አዩት። ደግመው አዩት።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ዓይኔ ነው የከዳኝ። የናፍጣ ነው።»

ገንዘቡን ከፍለን ብንመለስ ኖሮ የክበቡ የሁለት ወር መዋጮ እዚያው ያልቅ ነበር። ሰውየው አንድ ልጅ ወደ ሌላ መጋዘን ላኩ። እስኪመጣ ድረስ የተቀመጡበትን ዱካ ለእሷ ሰጥተው እሳቸው ቆሙ። ሻይ አዘዙ። ከዚያ በኋላ የሚያወሩት ከእሷ ጋር ብቻ ሆነ።

«አባትሽ መካኒክ ነው፣ ልጄ?»

«አይደለም አባባ። ክበባችን ውስጥ ነው የተማርኩት።»

እኔ የተሰቀለ ባሌስትራ የማይ መስዬ ፊቴን አዞርኩ። ትክክለኛው ጓርኒሲዮን መጣ፤ ራሷ ለክታ አረጋገጠች። ሰውየው ከተስማማነው ዋጋ ላይ ቀነሱልን። ስንወጣም «ሌላ ዕቃ ስትፈልጉ እሷን ላኩልኝ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክበቡ የግዢ ኃላፊ እሷ ናት።

የቫልቭ ክፍተት ማስተካከል ልጆቹ በጣም የወደዱት ሥራ ነው። ሞተሩ 8 ቫልቭ አለው፤ ክፍተታቸው 0.25 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። 1ኛው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 8ኛውን ታስተካክላለህ። 3ኛው ሲከፈት 6ኛውን። ድምሩ ሁልጊዜ 9 ነው። ሒሳብ አልወድም የሚል ልጅ ይህን ለጓደኛው ሲያስረዳ ሰምቻለሁ።

ያልተሳካልንንም ልናገር። ከ23ቱ ተማሪዎች 9ኙ ለቀዋል፤ አብዛኞቹ ቅዳሜ ቤተሰብ የሚያግዙ ናቸው። የኋላው የሻንሲ ክፍል ተቆርጦ ሲበየድ ሦስት ቅዳሜ መብራት ጠፍቶብን በያጁ ሄደ። የገዛነው የፍሬን ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) በሁለት ሳምንት አብጦ ፍሬኑ እንደገና ተፈታ። አንድ ልጃችን እጁን ላሜራ ቆርጦት ጤና ጣቢያ ወስጄ የቴታነስ መርፌ አስወግቼዋለሁ፤ ቤቱም ሄጄ ወላጆቹን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ ጓንት ያላደረገ ዕቃ አይነካም። ጓንት ያለን ግን 6 ጥንድ ነው፤ ተማሪዎቹ 14 ናቸው። በተራ ነው የሚሠሩት። ስፖርት ክበብ ዘንድሮ ሙሉ ማሊያ ተገዝቶለታል። ይገባዋል፤ ዋንጫ አምጥቷል። ለእኛ የተሰጠን አንድ መዝገብና ሁለት ፓኬት እስክሪብቶ ነው።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቅዳሜ ባትሪ ከጎረቤታችን ሚኒባስ ተበድረን ሞከርን። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ዞረ። እንደ ርችት ያለ ድምፅ ቤንዚንና አየር በሚያቀላቅለው ካርቡራቶር በኩል ወጣና ሁላችንም ወደ ኋላ ሸሸን። ዝም ተባለ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ የካንዴላዎቹን ገመድ በጣቱ እየተከተለ ቆጠረ። 1-2-3-4 ተብለው ተሰክተዋል። የዚህ ሞተር የእሳት ቅደም ተከተል ግን 1-3-4-2 ነው። አስተካከለው። እንደገና ሞከርን። አሁንም አልነሳችም። በሦስተኛው ግን ተነሳች። መጀመሪያ አንዘፈዘፋት፣ ከዚያ ረጋ አለች። ልጆቹ «እማማ ተነሱ! እማማ ተነሱ!» እያሉ ግቢውን ዞሩት።

እናቴ ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ያንን ድምፅ ለ11 ዓመት አልሰማችውም። ምንም አላለችም። ጥቂት ቆይታ ገባችና ለሁላችንም ቡና ጣደች።

ሞተሩ ቢነሳም ካንዴላዎቹ ጥላሸት ይለብሱ ነበር። ይህም ትምህርት ሆነልን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡራቶሩ ቤንዚኑን እንደ ቆላ ሲለካ አየሩ ያንስበታል፣ ቤንዚኑም በደንብ አይቃጠልም። ጠበብ ያለ የቤንዚን ማሳለፊያ ፈልገን ቀየርን። የሚቀጥለው ቅዳሜ ያወጣነው ካንዴላ እንደ ቆዳ ቡናማ ሆኖ ነበር። አሁን ከመዝገቡ ጋር በክር ታስሯል።

እማማ ገና አስፋልት አልወጣችም። የእግር ፍሬኗ አላለቀም፣ ቦሎም የላትም። ግን የእጅ ፍሬኗ ከጎማዎቹ ሳይሆን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) በስተኋላ ባለ የራሱ ከበሮ ላይ ስለሚሠራ ደህና ነው። እሱን ተማምኜ ሰኔ ላይ በቀይዋ ማርሽ (በዝግታ ለመንዳት በምታገለግለው)፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ ከጋራዡ እስከ ግቢያችን በር 22 እርምጃ ነዳኋት። 14ቱም ከጎኗ እየሄዱ ሸኟት።

አሁን ወደ ጣሪያው ልመለስ። ከቤተ ሙከራው ጀርባ ስብርባሪ ዴስክ የተከመረበትን ቦታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዴስኮቹን ልጆቹ ራሳቸው ሊያነሱ ፈቃደኛ ናቸው። የሚያስፈልገን 24 ቆርቆሮ፣ 8 ቋሚ እንጨትና መብራት ነው። ቦታው ከተሰጠን እማማን ገፍተንም ቢሆን እናመጣታለን። ያኔ የማን መኪና ናት የሚለው ጥያቄም ያበቃል፤ ቤቴ ሩቅ ሆኖባቸው የቀሩትም ይመለሳሉ። ወላጆች፣ ከመካከላችሁ ጋራዥ ያላችሁ አንድ አሮጌ ሞርሳ (ዕቃ ጨብጦ የሚይዝ መሣሪያ) ብትሰጡን ትልቅ ነገር ነው። ውጭ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ደግሞ የዜኒት ካርቡራቶር ጓርኒሲዮንና ጎሚኒ በቀላሉ ታገኛላችሁ። በፖስታ የሚላክ ቀላል ዕቃ ነው።

በ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያው ስብሰባችን ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ለጊዜው ቦታው ያው እኔ ቤት ነው። ቢቆሽሽ የማይቆጫችሁን ልብስ ልበሱ። ጓንት ያለው ይዞ ይምጣ።