ለአባዬ፣ ስለ ቀፎዎቹ

ኪል፣ ጀርመን
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፤ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታ አላበዛም፤ ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ ሰላም በሉልኝ። እታለም፣ እባክሽ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው።

ሦስት ወር መጥፋቴ ልክ አይደለም። ለፋሲካ የላክሁትም ብር ካሰብሁት ግማሹ ነው። በዚህ መሀል የቀፎዎቹ ፎቶ ደረሳችሁ። ጋሼ አይቶት «የእህቱ ሠርግ ደርሶ እሱ በሳጥን ይጫወታል» ማለቱን ሰምቻለሁ። አልተቀየምሁትም። እውነቱን ልናገር፣ ሁለት ቀን ከፍቶኝ ነበር። ስለ ሳጥኖቹ ለእርስዎ ላስረዳ። ከቤታችን በንብ ነገር የሚፈርድ እርስዎ ነዎት።

ሳጥኖቹ እንጨት አይደሉም። ቴሌቪዥን ሲገዛ እንዳይሰበር ካርቶኑ ውስጥ የሚደረገው ነጭ ነገር ትዝ ይልዎታል? እሱ ነው። ፖሊስታይሪን ይሉታል። የቀፎው ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በጣት ቢጫኑት አይሰረጉድም። ባዶውን ሳጥን በአንድ እጅ ያነሡታል። እዚህ ሰሜን ጀርመን ብዙ ሰው ንብ የሚያነበው በዚህ ነው። እንዲያውም አንዱ ዓይነት ስሙን ያገኘው ከእኛ ብዙ ከማትርቅ፣ ባድ ዜጌበርግ ከምትባል ከተማ ነው። የእርሻ ባለሙያው ያመጣልዎት ባለፍሬም ቀፎ «ዛንደር» ይባል አልነበር? ዛንደር የዚህ አገር የንብ ተመራማሪ ስም ነው። ይህን ያወቅሁ ቀን እርስዎ ጓሮ የቆምሁ መሰለኝ።

ፎም የሆነበት ምክንያት ብርዱ ነው። ንብ እዚህ በክረምት ለወራት ደጅ አታይም። አውራቸውን መሀል አድርገው እንደ ኳስ ይጠቀለላሉ። ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ በጡንቻቸው ብቻ እየተንቀጠቀጡ ይሞቃሉ። ማሩ ማገዶአቸው ነው። ግድግዳው ሙቀት ከያዘላቸው ማገዶ ይቆጥባሉ። ማራቸውን የወሰደ ሰውም በነሐሴ ስኳር በጥብጦ ይመልስላቸዋል፤ ለአንድ ቀፎ 15 ኪሎና ከዚያም በላይ። እርስዎ በእኛ ክረምት በሶና ሽሮ ያወጡላቸው የነበረው ትዝ አለኝ።

ጋሼን ያናደደው ቀለሙ ይመስለኛል። ለጌጥ የቀባሁት መስሎታል። ፀሐይ ይበላዋል እኮ! ሳይቀባ ከተተወ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ እንደ ዱቄት ይራገፋል። እርስዎ የቀርከሃውን ቀፎ እበት ይለቀልቁት የለ? ሥራው ያው ነው። ዘይት ቀለም ግን አይሆንም። ቲነር ያለበት ነገር ፎሙን ያቀልጠዋል። ሲነግሩኝ አላመንሁም፤ ቁራጭ ላይ ሞከርሁት። ዝናብ እንደመታው ጨው ሟሟ። ስለዚህ የቤት የውጭ ግድግዳ የሚቀባበትን፣ በውሃ የሚቀጥነውን ቀለም ገዛሁ። በመጀመሪያው ዙር ነጩ አልሸፈን ብሎ አስጨነቀኝ። ደርቆ ሲደገም ነው የሚያምረው። ውስጡ አይነካም። ሳጥን በሳጥን ላይ የሚያርፍበት ጠርዝም አይቀባም፤ ይጣበቅና ሲያላቅቁት ይገነጠላል። እኔ አንዱን ጠርዝ ረስቼ ቀብቼ በጥፍሬ ስፍቅ አመሸሁ።

መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ላደርጋቸው ነበር። ንብ ግን ቀይ አይታያትም፤ ለእሷ ጥቁር ነው። አንዱን ሰማያዊ፣ አንዱን ቢጫ አደረግሁ። እያንዳንዷ ቤቷን እንዳትስት ነው። ቢጫውን ስቀባ አደይ አበባ መጣብኝ። አሁን እዚህ ሜዳው ሁሉ የጎመንዘር አበባ ነው፤ ቢጫ በቢጫ። በግንቦት መስከረም የጠባ ይመስላል። ባለፈው ከሥራ ስመለስ ብስክሌቴን አቁሜ መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ሽታው ግን የእኛ አይደለም።

አዲስ ቀፎ እርስዎ በወይራ ያጥኑት ነበር። ፎም ውስጥ ፍም አይገባም። ታዲያ ከእስያውያን ሱቅ ጠጅ ሳር ገዛሁና ውስጡን አሸሁት። የጓሯችን ሽታ ነው። እጄን ሳልታጠብ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ ካሉት ሽማግሌ ቀፎ መንጋ ወጣ። «ውሰደው» አሉኝ። አሁን ሰማያዊው ቤት ሰው አለው።

እታለም፣ ይህን ክፍል ድምፅ አውጥተሽ አታንብቢ። ከጥር ጀምሮ የሥራ ሰዓቴን ቀንሰውብኝ ነበር። አሁን ተስተካክሏል። ቀፎዎቹን የገዛሁት ከዚያ በፊት፣ በኅዳር ነው፤ ሁለቱ ከነፍሬማቸው 260 ዩሮ። ከሠርግሽ ብር አንዲት ሳንቲም አልነካሁም። ይህን ለጋሼ ንገሪው። ለአባዬ ግን የሥራውን ነገር አታንሺ፤ እንቅልፍ ያጣሉ። የጎደለውን በሰኔ እልካለሁ። ትንሽ ሆነሽ ንብ ዓይንሽ ላይ ነድፋሽ፣ አብጦ አልገለጥ ብሎሽ፣ ወንዝ ድረስ አዝዬሽ የወረድሁ እኔ ነኝ። ያቺ ልጅ ናት የምታገባው? ሽማግሌ መጣ ስትዪኝ ስልኩን የዘጋሁት ኔትወርክ ጠፍቶ አልነበረም። ለጥር ፈቃድ ጠይቄያለሁ። መልስ የለም ገና። አይመጣም ብለሽ አትቁረጪ። ቃል ግን አልገባም፤ ቃል ገብቼ መቅረቱን አልችለውም።

አሁን ድምፅ አውጪ። አባዬ፣ ዓይንዎ እንዴት ሆነ? ሞራው ከተገፈፈ ወዲህ ሰው ይለያሉ አሉኝ። ጠብታውን አያቋርጡ። ለጊዜው ጭስ አይጠጉ። ዘንድሮ ዛፍ ላይ እንዳይወጡ፤ በእናቴ ይዤዎታለሁ። የጥቅምቱን ማር ጋሼ ይቁረጥ። እኔ ነበርሁ መውጣት የነበረብኝ፤ አውቃለሁ።

የቀፎዎቹን በር ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሬዋለሁ። ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥቻለሁ። ቀላል ስለሆኑ በቀበቶ አስሬ ድንጋይ ጭኜባቸዋለሁ፤ እርስዎ እንደሚያደርጉት። ቢጫው ግን እስካሁን ባዶ ነው። ጠጅ ሳሩን ልድገመው ወይስ ቦታውን ልቀይር? እታለም ስልኩን ትያዝልዎትና መልሱን በድምፅዎ ይላኩልኝ። ረዘም አድርገው ይናገሩ።

ልጅዎ