አር ለመማር ከቱሉ ዲምቱ ፒያሳ መመላለስ አያስፈልግም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ በቀረበ ቁጥር በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በአቃቂ የታክሲ መያዣዎች ዙሪያ ያለው ምሰሶ ሁሉ «ዳታ እንተነትናለን»፣ «የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር እናሠለጥናለን» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል። ተማሪው ከትራንስፖርት የተረፈችውን ብር ከፍሎ፣ ሁለትና ሦስት ታክሲ እየቀያየረ መሀል ከተማ ይመላለሳል። ሰርተፊኬቱን ይዞ ቤቱ ገብቶ የራሱን ፋይል ሲከፍት ግን የመጀመሪያው ኤረር ላይ ይቆማል። የሚያሳዝነው «አር» የተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ እዚሁ ሰፈር ውስጥ፣ አምስት ስድስት ሰው ሆኖ፣ ያለ ክፍያ ሊለመድ የሚችል መሆኑ ነው።

አርን የጀመሩት በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ማንም እንዲገለብጠውና እንዲያድለው ፈቃዱ ይደነግጋል። ስለዚህ በፍላሽ ለጎረቤት መስጠት ስርቆት አይደለም። ቁልፉ ተሰብሮ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ባለክፍያ ሶፍትዌር ከነቫይረሱ ከመጫን በእጅጉ ይሻላል።

ኢንተርኔት የተሻለለት አንድ ሰው ያውርድና ለሌሎቹ ያካፍል። መጀመሪያ አር፣ ቀጥሎ በአር መሥራትን የሚያቀለው አርስቱዲዮ የተባለ ፕሮግራም ይጫናል። ሁሉም አንድ ዓይነት ስሪት ቢይዙ ብዙ ጣጣ ይቀራል። ምክንያቱም «ታይዲቨርስ» የሚባለው ተወዳጅ ፓኬጅ (አር ላይ የሚጨመር የትእዛዞች ጥቅል) ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በርካታ ሌሎች ፓኬጆችን ይጎትታል፤ የሞባይል ዳታ መሀል ላይ ሲያልቅ ጥቂቶቹ ይጎድሉና በማግስቱ «እንዲህ የሚባል ፓኬጅ የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ዊንዶውስ ከሆኑና የስሪቱ የመጀመሪያ ሁለት ቁጥሮች ከተመሳሰሉ (4.4 ከ4.4) ግን ፓኬጆቹ የሚቀመጡበትን የአንዱን «ላይብረሪ» ፎልደር በፍላሽ ወደ ሌላው መቅዳት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ለመጀመሪያው ቀን ከአር ጋር አብሮ የሚመጣውን «ኤርኳሊቲ» (airquality) የተባለ ዳታ ይክፈቱ። የኒውዮርክ አየር ልኬት ነው፣ 153 ረድፍ አለው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። የኦዞንን አማካይ ሲጠይቁ አር «ኤንኤ» (NA) ብሎ ይመልሳል። ብዙ ጀማሪ ተበላሸ ብሎ እዚህ ላይ ይዘጋዋል። አልተበላሸም። የ37 ቀን ልኬት ስለሌለ ነው፤ አር የሌለውን ቁጥር እንዳለ አድርጎ አይደምርም። የሌሉትን ልኬቶች አስወግድ የሚለውን «ኤንኤ ዶት አርኤም» (na.rm) «ትሩ» (TRUE) ሲያደርጉት 42.13 ይሰጣል። ይህ የገባው ሰው በራሱ መጠይቅ ላይ «መልስ የለም» ለማለት 99 ተብሎ የተሞላን ዕድሜ አማካይ ውስጥ አስገብቶ አይደምርም።

ትእዛዝ የሚጻፈው ስክሪፕት በሚባለው የጽሑፍ ፋይል ላይ ነው፣ በየደቂቃውም ሴቭ ይደረጋል፤ ትእዛዙ ወዲያው በሚሠራበት መስኮት፣ ኮንሶል ላይ የተጻፈው መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ከዊንዶውስ የተቀዳ የፋይል አድራሻም እንዳለ አይሠራም፤ ወደ ኋላ ያጋደለው ሰረዝ (\) ወደ ፊት (/) መጋደል አለበት። ኤክሴል ላይ 12,500 ተብሎ በነጠላ ሰረዝ የተጻፈ ደመወዝ ደግሞ ፋይሉ ሲኤስቪ (CSV) ሆኖ ተቀምጦ በ«ሪድ ዶት ሲኤስቪ» (read.csv) ሲነበብ ለአር ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ እርሱም መጠየቅ ነው። አርን ለዓመታት የሚያውቁ ሰዎች ጊዜያቸውን ሰጥተው ይመልሳሉ፣ ግን ስክሪኑን በስልክ አንስቶ «አልሠራልኝም፣ እባካችሁ እርዱኝ» ብሎ ለሚልክ ሰው ምን ይመልሱለታል? ከፎቶ ላይ ትእዛዙ ተቀድቶ አይሞከርም። «ዲፑት» (dput) የሚባለው ትእዛዝ የዳታውን አሥር ረድፍ ማንም ቀድቶ ሊያስኬደው ወደሚችል ጽሑፍ ይለውጠዋል። እርሱን፣ ስህተቱን የሚያወጡትን ሁለት ሦስት መስመሮች፣ የኤረሩን ቃል በቃል ቅጂና ይመጣል ተብሎ የተጠበቀውን ውጤት አብሮ መላክ ነው። የታካሚ ስምና ስልክ ያለበት ዳታ ግን ፈጽሞ አይላክም፤ ያኔ ጥያቄውን በኤርኳሊቲ ላይ ሠርቶ ማሳየት ይሻላል። ጥያቄውን እንዲህ ሲያሳጥሩ ብዙ ጊዜ ሳይላክ እዚያው ይፈታል።

የሰፈር ቡድን የግድ የሚያስፈልገው ደግሞ ውጭ አገር ያለ ባለሙያ የማያውቃቸው የራሳችን ችግሮች ስላሉ ነው። አንደኛው ፊደል ነው። መረጃ ሰብሳቢው «ሐና ማርያም»፣ ሌላው «ሀና ማርያም»፣ ሦስተኛው «ሃና ማርያም» ብሎ ይጽፋል፤ አር ሦስት ሰፈር አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ከስሙ በኋላ ባዶ ቦታ ከተከተለች አራተኛ ሰፈር ተወለደ ማለት ነው። ባዶ ቦታውን «ትሪም ደብልዩኤስ» (trimws) የሚባለው ትእዛዝ ይቆርጣል፣ ሞክሼ ፊደሎቹን «ቻርቲአር» (chartr) ወደ አንድ ያመጣል፤ ነገር ግን ሠ ብቻ ሳይሆን ከሠ እስከ ሦ ሰባቱም መዘርዘር አለባቸው። በዊንዶውስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 4.2 በፊት ያለ ስሪት ከተጫነ ደግሞ ፊደላችን በቁጥር ኮድ ተተክቶ ሊታይ ይችላል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ይህ ይበልጥ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ኤረር አይሰጥም። በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ቀን አር እንደ ፈረንጅ ቀን ያነበዋል። ጳጉሜን በሙሉ፣ ጥቅምት 30፣ ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ የማይካፈል ከሆነም ጥቅምት 29 «ኤንኤ» ሆነው ይጠፋሉ፣ የቀሩት ግን ትክክል መስለው ያልፋሉ። ነሐሴ 30 ቀን 2015 የተወለደ ሕፃን መስከረም 1 ቀን 2016 ሲመዘን 7 ቀኑ ነው፤ አር ግን 2 ይላል። መፍትሔው አጭር ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ይውላል፣ ካልሆነ 11፤ ዓመቱ ላይ 7 ይጨመራል። ከወሩ ቁጥር 1 ተቀንሶ በ30 ይባዛል፣ ከቀኑ 1 ተቀንሶ ይደመርበታል፣ ድምሩ መስከረም 1 ላይ ይጨመራል። ለጥቅምት 30 ቀን 2016፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ 30ና 29 ሲጨመር ኖቬምበር 10 ይመጣል። ይህን አንዴ ፈንክሽን (በስም የሚጠራ የራስ ትእዛዝ) አድርጎ ጽፎ በቡድኑ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ነው።

የወረዳ ኃላፊዎችንና የትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራንን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል፣ የሚሠራ ሶኬትና ሁለት ማከፋፈያ። ላፕቶፑን ተማሪው ይዞ ይመጣል፤ እኛም ፍላሹን ይዘን እንመጣለን።

ከሰላምታ ጋር
በዳታ ሥራ ላይ ያለን የቱሉ ዲምቱና የአካባቢው ነዋሪዎች